ማሽኑ «ሃይ!» ያለኝ ቀን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ስለ እኔ ዓይነቷ ጉደኛ አላሰቡም መሰለኝ! እኔ መድኃኒቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው በሽታውን የደበቅኩት። ሊያውም አሥር ዓመት ሙሉ…

እስቲ ቦርሳዬን አብረን እንፈትሸው። ሊፕስቲክ፣ ቻርጀር፣ ማስታወሻ ደብተር (የጋዜጠኝነት ምሩቅ ነኝ፤ ባልጽፍበትም መያዝ ግዴታ ነው)፣ የታክሲ ዝርዝር፣ ሦስት ከረሜላ። ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ የመነጽር ማኅደር አለ። መነጽር አላደርግም። ዓይኔ የመገናኛን የታክሲ ታፔላ ከሩቅ ያነባል። ማኅደሩ ውስጥ ያሉት ሁለት የኢንሱሊን ብልቃጦችና ሲሪንጆች ናቸው። አንደኛው ብልቃጥ እንደ ደመና የነጣ፣ ሌላው እንደ ውኃ የጠራ። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከእራት በፊት ሁለቱን ቀላቅዬ እወጋለሁ። በቀን 2 ጊዜ፣ በዓመት 730 ጊዜ።

ከጓደኞቼ ጋር ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ እራት ልንበላ ስንወጣ፣ ምግብ እንዳዘዝን «መጣሁ» ብዬ እነሳለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን እቆልፋለሁ። ሆዴን ቆንጠጥ አድርጌ ስወጋ አንዷ ታንኳኳለች። «ሰው አለ!» ስመለስ ጓደኛዬ «አንቺ ደግሞ ምግብ ታዘዘ በተባለ ቁጥር ሜካፕ!» ትለኛለች። እኔም ፈገግ… ሜካፕ አብዢ መባል «ስኳር አለባት» ከመባል ይሻለኝ ነበራ!

*

ነገሩ የጀመረው በ15 ዓመቴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ የምንኖረው ገርጂ ነበር። ውኃ ውኃ ይለኛል። ጠጥቼ አልረካም። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። እየበላሁ እከሳለሁ። የክፍል ጓደኞቼ «እንዴት ሸንቀጥ አልሽ!» እያሉ ሲያደንቁኝ፣ የሰፈር ሰው ደግሞ «ዓይን በልቷት ነው» አለ። እኔ የጓደኞቼን አስተያየት መርጬ ተደሰትኩ።

አንድ እሑድ ማስመለስ ጀመረኝ፤ ትንፋሼም ፈጠነ። ሐኪም ቤት ተሸክመው ወሰዱኝ። ነርሷ ጣቴን ወጋ አድርጋ የደም ጠብታውን በትንሿ ማሽን ለካች። ማሽኗ ቁጥር አላወጣችም። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ጻፈች፦ «ሃይ»።

እኔም ሰላምታ መስሎኝ በደከመ ድምፅ «ሃይ» አልኳት።

ነርሷ አልሳቀችም። «ሃይ» ማለት ለካስ ስኳሩ ማሽኑ ሊለካው ከሚችለው በላይ ሆኗል፣ ከ600 አልፏል ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ሲለካ ከ100 በታች ነው። እናቴ ግን ነርሷን ልትሞግታት ሞከረች። «ልጄ እኮ ሻይ እንኳ በአንድ ማንኪያ ስኳር ነው የምትጠጣው! ምን አጥፍተን ነው?»

ምንም አላጠፋንም። የእኔ ዓይነት 1 የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠቃል። ዘበኛ የቤቱን ባለቤት ሌባ መስሎት እንደደበደበው በሉት። ኢንሱሊን ከሌለ የበላነው ስኳር ከደም ወደ ሴል መግባት አይችልም፤ ሰውነት በጥጋብ መሐል ይራባል። ከረሜላ በማብዛት አይመጣም፤ ከረሜላ በመተውም አይድንም።

*

በነገራችን ላይ፣ መቶ ዓመት ቀደም ብዬ ብወለድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር። ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922) ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ፤ በዓለም የመጀመሪያው ስኳር ታማሚ እሱ ነው። ከዚያ በፊት የእኔ ዓይነቱ ስኳር የያዘው ልጅ ዕጣው ሞት ነበር። ሐኪሞች በረሃብ ቀጥተው ጥቂት ወራት ይጨምሩለት እንደሆነ ነው። ባንቲንግና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን ካገኙ በኋላ የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ሸጡት። በአንድ ዶላር!

ሊዮናርድ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሮ በ26 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። እኔ አሁን 26 ነኝ። አንዳንድ ሌሊት ይህን ሒሳብ አስበዋለሁ። ነገር ግን የእሱ ጊዜ መድኃኒትና የእኔ ጊዜ መድኃኒት አይወዳደርም። ዛሬ በዚሁ በሽታ ሃምሳ ዓመት የኖሩ፣ ወልደው የከበዱ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው።

ዘመዶቻችን «የሀብታም በሽታ» ይሉታል። አባቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሀብቱን ማን ወሰደው?» ብሎ ያስቃል። ጎንደር ሄዳችሁ የገጠሩን ታማሚ ብታዩ ግን ያ አባባል ያሳፍራችኋል። ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች የከሱና የተቸገሩ ሰዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። እንዲያውም በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እዚያው ጎንደር፣ ጅማም ጭምር፣ ታማሚው ለአንድ ብልቃጥ ብሎ እስከ ሆስፒታል ረጅም መንገድ በእግሩ እንዳይጓዝ የጤና ጣቢያ ነርሶች ሠልጥነው ሕክምናውን በአቅራቢያው እንዲሰጡ ተደርጓል። እኔ ከፋርማሲ በአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጬ የማማርረው ይህን እያወቅኩ ነው።

*

ታዲያ ለምን ደበቅኩ? በአንድ ቃል ልመልስ? ትዳር።

አክስቴ የታመምኩ ሰሞን እናቴን ወደ ጓዳ ወስዳ «ለሰው እንዳታወሪ፤ ነገ ማን ያገባታል?» ስትላት ሰምቻለሁ። 15 ዓመቴ ነበር! እዚያው ላይ «ፀበል ትግባና መርፌውን ትተወው» አለች። እናቴ ብዙ ትምህርት የላትም፤ ልቧ ግን የዋዛ አይደለም። «ፀበሉንም ትጠመቃለች፣ መርፌውንም ትወጋለች!» ብላ ዘጋችው። ሕይወቴን ያተረፈችው ያን ቀን ይመስለኛል። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ መክረው ነበር። ሁለቱ አይጣሉም።

የመጀመሪያውን ምክር ግን እናቴም እኔም ተቀበልነው። ደበቅን። ትምህርት ቤት ደበቅን፣ ዩኒቨርሲቲ ደበቅን፣ ሥራ ስቀጠርም ደበቅኩ። መደበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ለምን አትጾሚም?» ስባል ጨጓራ አለብኝ እላለሁ። «ኬክ ቅመሺ» ስባል ዳይት ላይ ነኝ እላለሁ። የነገርኩት ውሸት ብዛት… የትኛውን ለማን እንደነገርኩ ደብተር ያስፈልገኝ ነበር። (ይኸው ደብተሩ ሥራ አገኘ!)

*

የዛሬ ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰሚት ከቤታችን መርፌዬን ተወግቼ፣ ታክሲ ሰልፍ እንዳያመልጠኝ ቁርሴን በወጉ ሳልበላ ወጣሁ። ቦሌ የነበረን ስብሰባ እስከ ስድስት ሰዓት ያልቃል የተባለው ስምንት ሰዓት ሆነ። የጠዋቱ ደመና መሳይ ኢንሱሊን ደግሞ ጉልበቱ የሚያይለው ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ምሳ ቢዘገይ እሱ አይዘገይም። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ታውቆኛል። ከረሜላዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ግን አለቃችን እያወራ ከረሜላ ላሽ ብል «ልጅ ናት እንዴ?» እንዳይሉኝ ተውኩት። አያችሁ የድብቅ ኑሮ? ሕይወቴን ከወረቀት ድምፅ አሳነስኩት።

ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ያለውን የማስታውሰው ቁርጥራጩን ነው። ላብ አጠመቀኝ። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲለኝ ገንዘብ ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ፣ ውስጡ ከረሜላ መኖሩን ረስቻለሁ። ከኋላ አንዱ «በቀን ጠጥታ ነው» አለ። ሌላው «ምርቃና ነው» አለ። ተሳቀ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ግን ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ስኳር አለብሽ እንዴ?»

«አዎ» አልኩ። አሥር ዓመት ከአፌ ያልወጣ ቃል…

«አቁም!» አሉ ሾፌሩን። ረዳቱ (ሁላችንም የምናማው ረዳት!) ሮጦ ከኪዮስክ ኮካ አመጣ። አባባ ራሳቸው ጉንጭ ጉንጭ እያደረጉ አጠጡኝ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰው ወደ አንድ አንድ ተመለሰ። ማልቀስ ጀመርኩ። ባለቤታቸው ሃያ ዓመት ከስኳር ጋር እንደኖሩ ነገሩኝ። ከዚያ ተቆጡኝ።

«እሷ አንገቷ ላይ ጽፋ ታንጠለጥላለች። አንቺ ምኑን ነው የምትደብቂው? የሰረቅሽው ነገር አለ?»

የሰረቅኩት ነገር የለም። ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

*

በማግስቱ ቢሮ ነገርኳቸው። ዓለም አልተገለበጠችም። አንዷ «ለካ ሜካፕ አልነበረም!» አለች። የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከሰዓት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እኔም የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ» አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላዋ ስለ አስሟ ነገረችኝ። እናንተዬ፣ በአንድ ቢሮ ስንታችን ነን በየመነጽር ማኅደራችን ተደብቀን የምንኖረው?

ቦሌ መንገድ ላይ ዓለም ሕንፃን ያቆመው ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም አለበት። በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሎምፒክ ሲደርስ የከተማዋ አየር ለአስሜ አይሆንም ብሎ፣ ዓለም ሁሉ እየሰማ፣ ከማራቶኑ ወጣ። 10 ሺህ ሜትሩን ሮጦ 6ኛ ሆነ። በስድስት ሳምንቱ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨረሰ፤ ከ2:04 በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሽታውን አልካደም። ለእሱም አልተንበረከከም። «ይህ አይሆነኝም፣ ያኛው ይሆነኛል» አለና የሚሆነውን ሮጠ። ደህና መኖር ማለት ይኸው መሰለኝ።

የእኔ «የሚሆነኝ» ይህን ይመስላል። እንጀራ እበላለሁ፣ በልክ። ቡና ያለ ስኳር፣ አሁን ስኳር ያለበትን መጠጣት አልችልም። የነፍስ አባቴን ስለ ጾም ስጠይቃቸው «በመጀመሪያ ኑሪ» አሉኝ፤ የፍስክ ምግቡን ትቼ በሰዓቴ እበላለሁ። መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያዬን የምናቆየው እናቴ ባዘጋጀችው ድርብ ገንቦ ነው፤ በሁለቱ መሐል እርጥብ አሸዋ አለ፣ ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። መፍትሔ የሌለው ደግሞ አለ። የመለኪያ ስትሪፕ ዋጋ ከደመወዜ ጋር አይተዋወቅም፤ ስለዚህ መለካት ከሚገባኝ ያነሰ እለካለሁ። ይህን በቀልድ ማለፍ አልችልም።

እናንተስ? ሁለት ነገር ብቻ ያዙልኝ። አንድ፦ ውኃ የማይበቃው፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ እየበላ የሚከሳ ልጅ ካያችሁ «ዓይን ነው» ከማለታችሁ በፊት ስኳሩን አስለኩት። ሁለት፦ ስኳር ያለበት ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሲንቀጠቀጥና ሲቀባጥር ካያችሁ፣ መዋጥ ከቻለ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ስጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

*

አንድ ያልጨረስኩት ጉዳይ ቀርቷል። የምወደው ልጅ አለ። ባለፈው ወር ኢምፔሪያል አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን ነገርኩት። ዝም አለ። ሦስት ቀን አልደወለም። (እነዚያን ሦስት ቀናት እንኳን አልለካሁ፤ ማሽኗ «ሃይ» ትለኝ ነበር!) በአራተኛው ቀን ደውሎ «ሳነብ ነበር። መርፌውን አወጋግ ታስተምሪኛለሽ?» አለኝ። እናቱ ግን ገና አልሰሙም።

እናቴ ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ሽሮውን እያማሰለች ቆየችና «ስምሽን አታስገቢው» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ወይም አስገቢው… አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። ለእሷ ይህ ትልቅ ጉዞ ነው። ለእሷ ስል ዛሬ ስሜን አላስገባሁም። ሌላውን ሁሉ ግን አስገብቻለሁ፤ የወደፊት አማቴ አንብበው ከለዩኝም ይለዩኝ።

ማታ ከጓደኞቼ ጋር እራት አለን። ሽንት ቤት አልሄድም። ጠረጴዛው ላይ ማኅደሬን እከፍታለሁ። ቀና ብሎ የሚያየኝ ካለ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

ሃይ! ስኳር አለብኝ። አንተስ እንዴት ነህ?

ቸር ይግጠመን።