ደም የሚያስመልሱ ገጣሚዎች

የደም ታሪክ የሟቹን፣ የገዳዩንና የደም መላሹን ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻግራል፤ ነገሩን በግጥም ያቀጣጠለውን ሰው ለመዘንጋት ግን አይሰንፍም። በመካነ ሰላምና በአማራ ሳይንት ደጋ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ በሰው እጅ ለሞተ ሰው በሚደረግ ለቅሶ አልቃሽ፣ ማለትም ሙሾ አውጥታ ሐዘንተኛውን የምታስለቅስ ሴት፣ የሟቹን ጀግንነት አወድሳ ስታበቃ ፊቷን ወደ ወንድሞቹ መልሳ ደሙ ሳይመለስ መቀመጣቸውን በነገር መውጋቷ የቆየ ልማድ ነው። ግጥሙ ከተወደደ ከለቅሶ ለቅሶ ይዞራል፤ የገጣሚዋ ስም እዚያው ይቀራል።

በእንግሊዝ የበቀል ትራጄዲ፣ ማለትም በደም መላሽ ዙሪያ ተሸርቦ በእልቂት በሚያበቃ ተውኔት፣ ይህን ሥራ የሚሠራው የሟች መንፈስ ነው። መንፈሱ ከሮማዊው ሴኔካ የተወረሰ ሲሆን፣ በሎንዶን መድረክ እንዲወደድ ያደረገው ቶማስ ኪድ እ.ኤ.አ. በ1580ዎቹ ገደማ የጻፈው «የስፔን ትራጄዲ» ነው። በዚህ ተውኔት በጦር ሜዳ የተገደለው የአንድሪያ መንፈስ፣ በሰው አምሳል ከቀረበው በቀል ጋር ዳር ተቀምጦ ሲመለከት፣ በቀል መሐል ላይ እንቅልፍ ይወስደውና መንፈሱ በጩኸት ይቀሰቅሰዋል። የሳይንት አልቃሽ እንዲህ ያለ ባልደረባ የምትታገሥ አይመስልም።

ኪድ በ1593 ታስሮ ከተሠቃየ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ሞተ፤ ተውኔቱ ግን ለአርባ ዓመት ያህል ያለ ደራሲ ስም ደጋግሞ ታተመ። ስሙን ያተረፈለት ቶማስ ሄይዉድ በ1612 እግረ መንገዱን መጥቀሱ ነው። አባቱ ስለተገደለበት ሆፍማን የሚተርከው ተውኔት የሄንሪ ቼትል መሆኑም የታወቀው የቴያትር ነጋዴው ፊሊፕ ሄንስሎ በ1602 መጨረሻ የከፈለውን 5 ሺሊንግ በሒሳብ መዝገቡ ስላሰፈረ ነው፤ ለደራሲ ስም ከአድናቂ ይልቅ ሒሳብ ያዥ ሳይሻል አልቀረም። «የተበቃዩ ትራጄዲ» ለሲሪል ተርነር ሲሰጥ ኖሮ ዛሬ አብዛኞቹ ምሁራን የቶማስ ሚድልተን ነው ይላሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ሐምሌት» እንኳ ቀዳሚ ነበረው፤ ብዙዎች ለኪድ የሚሰጡት ያ ተውኔት ጠፍቷል።

አልቃሽ የጀመረችውን በደጋው የሚያስቆመው ደም ማድረቅ፣ ማለትም ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼሆች ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ደም የሚያቆሙበት ዕርቅ ነው፤ ገዳይ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይለምናል፣ ካሳ ይከፈላል፣ መሐላ ይፈጸማል። በኪድ ተውኔትም ዕርቅ አለ። ልጁ የተገደለበት ዳኛው ሄሮኒሞና ገዳዩ ሎሬንዞ እንዲተቃቀፉ የሎሬንዞ አባት የካስቲል መስፍን ያስታርቃቸዋል፤ ነገር ግን መስፍኑ ግድያውን ስለማያውቅ፣ የሚያውቁትም ሁለቱ ስለማይናገሩ፣ ካሳም መሐላም የሌለበት ይህ ዕርቅ ለአገር ሽማግሌ ሳቅ ከመሆን አያልፍም። በሚቀጥለው ገቢር ሎሬንዞ ይገደላል፤ አስታራቂው መስፍንም በሄሮኒሞ እጅ፣ በብዕር መቅረጫ ቢላዋ ተወግቶ ይሞታል።