ደሃነት በምስክር

ባሕር ዳር፣ ፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ። አንዲት እናት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከቻ ያስጽፋሉ። የሚጽፍላቸው ልጅ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሳ፣
«እማማ፣ ሌላም ችግር ካለ ይጨመር፤ ዳኛው ያይልዎታል» አላቸው።
«ገጽ ይጨምራል እንዴ?»
«ሁለተኛ ገጽ ከገባ ሒሳቡም ይጨምራል።»
«እንግዲያስ ችግሬ ይብቃ።»

*

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኝነት መክፈል ላቃተው ሰው በር ትቷል። አመልካቹ ንብረቱን ከነግምቱ ዘርዝሮ ያቀርባል። ተከሳሹም ተጠርቶ «ኧረ አላቸው!» ብሎ መከራከር ይችላል። የእማማን ገንዘብ በልቷል የተባለው ሰው ስለ ድህነታቸው አስተያየት ይጠየቃል።

*

ድህነትን የሚመሰክሩ ሰዎች ሥራ ፈትተው ነው የሚመጡት። ባጃጃቸውንና ምሳቸውን የሚችሉት ደሃዋ ናቸው። ምሳው ሥጋ ቢኖርበት ምስክርነቱ ይጸና ይሆን?

*

በ1945 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት ክፍያ ደንብ፦ የክሱ ገንዘብ ባደገ ቁጥር መቶኛው ያንስ ነበር። በጅምላ ለሚገዛ ቅናሽ ነበረ።

*

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 90። ሌላ ድንጋጌ ከሌለ መቀጮ ከ10 ብር እስከ 10 ሺህ ብር። 10 ብር የተፈረደበት ሰው ለመምጫና ለመመለሻው ከቅጣቱ በላይ ይከፍላል። 10 ሺህ የተፈረደበት ነጋዴ መኪናውን ጥላ ፈልጎ ያቆማል።

*

ቀጠሮ በየትኛውም ታሪፍ ላይ የለም። «መዝገቡ አልተመረመረም» ተባለ። ከዘጌ በጀልባ የመጡት ሰውዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

*

ድሮ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ይውሉ ነበር። የባለገንዘቡም ቀን አብሮ ይቃጠል ነበር።

*

ዋስትና። «ደመወዝ ያለው ዋስ ጥራ።» የቀን ሠራተኛው የሚያውቀው የቀን ሠራተኛ ነው። በስንት ልመና አንድ መምህር ተገኘ። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደመወዙ በብድር መያዙን ይገልጻል። ማኅተሙ ግን ጥርት ያለ ነው።

*

ባጃጅ ነጂ። ታርጋው ተፈትቶ ተወሰደ። ታርጋውን ለማስመለስ ቅጣት መክፈል አለበት፤ ለመክፈል መሥራት አለበት፤ ለመሥራት ታርጋ ያስፈልገዋል። ባለንብረቱ የዕለት ገቢውን በስልክ ጠየቀ። ልጁ ቅጣት ላይ መሆኑን ነገረው።
«ቅጣቱ ያንተ ነው» አለው። «ባጃጁ የኔ ነው።»