የጣና ዓሣ በክረምት ወዴት ይሄዳል?

ለዘር የተቀመጠውን እህል በሰኔ ፈጭቶ የሚበላ ገበሬ በኅዳር ምን እንደሚያጭድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ቢርበው እንኳ ዘሩን በተቻለው ሁሉ ይጠብቃል። በውኃ ውስጥ ላለው ሀብት ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲደረግ አይታይም፤ ባሕሩ ሰፊ፥ ዓሣውም ከዓይን የተሰወረ ስለ ሆነ የማያልቅ ይመስላል። እኛም ወደ ባሕር ዳር ወርደን የጣናን ዳርቻ በተመለከትን ጊዜ ያየነውንና የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ቤተ ሰብ ልናካፍል ወደድን።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን የስፋቱን ያህል ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ውኃው እስከ ወለሉ ድረስ ይናወጣል፤ ለዓሣ መተንፈሻ የሚሆነው አየርም ወደ ታች ይደርሳል። ይህ ለዓሣው መልካም ነው። ጕዳቱ ደግሞ ጐርፍ ያመጣው ጭቃ በቶሎ አለመጥራቱና ውኃውን ማደፍረሱ ነው።

በማለዳ በባሕር ዳር ዳርቻ የቆመ ሰው አጥማጆች ያወጡትን ዓሣ ሊያይ ይችላል። ከጥንት ጀምሮ በዓሣ ማጥመድ የታወቁት ነገደ ወይጦ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ ሌሎችም በሞተር ጀልባ ይመጣሉ። በብዛት የሚወጣው ዓሣ ሦስት ዐይነት ነው፤ ይኸውም ቀረሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ሦስቱ በአንድ ባሕር ይኑሩ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ቀረሶ በዳርቻው ደንገልና ሣር ውስጥ ይራባል፤ እናቲቱም ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አምባዛ ውኃው ቢጐድልበትም ከላይ አየር መሳብ ይችላል፤ በክረምትም ጐርፍ ወደሚተኛበት ሜዳ ወጥቶ ዕንቁላሉን ይጥላል። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዘር ሳይሆን የብዙ ወገኖች ስም ነው፤ የዛሬው ታሪካችንም ይበልጡን የሚናገረው ስለ እርሱ ነው።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ እሳት 40 ሜትር ያህል ከሚሆን ገደል ይወረወራል። ከታች ያለው ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ከላይ የቀረው ዓሣ ከሌላው ተለይቶ ለረጅም ዘመን ብቻውን ኖረ። በጣና ከሚገኙት 28 ያህል የዓሣ ዐይነቶች መካከል 20 የሚሆኑት በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከነዚሁም 15ቱ የነጭ ዓሣ ወገኖች ናቸው። አንዱ ከውኃው ወለል ይለቅማል፤ ሌላው በጭንጫ መካከል ይመገባል፤ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። በመንጋጋቸው ጥርስ የሌላቸው የዚህ ወገን ዓሦች አዳኝ መሆናቸው ሊቃውንትን እጅግ ያስደነቀ ነገር ነው። እነዚህ ከጠፉ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም።

የዓሣ ዕድገት እንደ ውኃው ሁኔታ ነው። ውኃው ሲሞቅ ምግብ በቶሎ ይፈጭለታል፤ ሲቀዘቅዝ ዕድገቱ ይዘገያል። ቀረሶ የሚመገበው አልጌ የሚባለውን ረቂቅ የውኃ ተክል ነው፤ ይህም ተክል የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል። ውኃው በጭቃ ከደፈረሰ ብርሃን አይገባም፤ ብርሃን ካልገባ ተክሉ አይበቅልም፤ ተክሉም ካነሰ ዓሣው ይከሳል። በተራራ ላይ የተቈረጠ ዛፍ በባሕር ውስጥ ያለውን ዓሣ የሚጐዳው በዚህ መንገድ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው በጫካ የተሸፈነውን ምድር ካየ በኋላ በምሥራቅ በኩል ያለውን የተራቈተ ኮረብታ ቢመለከት፥ ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የሚወስደውን መንገድ ይዘን ስንጓዝ፥ ወረታ ከመድረሳችን በፊት የጉማራን ድልድይ፥ ካለፍን በኋላም የርብን ድልድይ ተሻገርን። እነዚህ ወንዞች፥ እንዲሁም መገጭና ግልገል ዓባይ፥ ለነጭ ዓሣ እንደ አራስ ቤት ናቸው። ቢያንስ ሰባቱ ወገኖች በክረምት፥ ይበልጡንም በነሐሴና በመስከረም፥ ከባሕሩ ወጥተው በወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ወደ ላይ ወጥተው ጥሩ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዕንቁላሉ አየር እንዲያገኝ ጠጠሩ ንጹሕ መሆን አለበት። ደለል ከሸፈነው ታፍኖ ይሞታል፤ ለቤት ሥራ ሲባል አሸዋውና ጠጠሩ ከተጫነም ማረፊያ ያጣል።

እንግዲህ ዓሣው በወንዝ አፍ በሚሰበሰብበት ጊዜ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል። ነገር ግን የሚይዘው የሚመጣውን ዓመት ዘር ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና አዲስ መረብ ወደ ጣና ከገባ ወዲህ ምርቱ በዛ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ኑሮውን አሻሻለ። ሆኖም ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተደረገው ምርመራ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል እንደ ጐደለ፥ ከትንንሾቹም ከዐሥሩ ዘጠኙ እንደ ጠፉ ገለጠ። ለዚህም በወንዝ አፍ የሚዘረጋው መረብና በወንዙ ውስጥ ዓሣን ለማደንዘዝ የሚበተነው የብርብራ ፍሬ ዱቄት ዋና ምክንያቶች ሆነው ተቈጠሩ። ዛሬ ደግሞ ዐይኑ የጠበበ ቀጭን የላስቲክ መረብ ያልደረሰውን ዓሣ ሁሉ ይጠርጋል።

ሌላም ችግር ተጨምሯል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕሩ ውኃ በጨረጨራ መዝጊያ ይመጠናል፤ በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ጐድሎ መርከቦች ቆሙ፥ ከውኃ የወጣውም መሬት ታረሰ። ቀረሶ የሚራባበት ያ ዳርቻ ነው። በፎገራ ጐርፍ ይተኛበት የነበረው ሜዳ አብዛኛው የሩዝ እርሻ ሆኗል። በ2004 ዓ.ም. የታየው እንቦጭ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ውኃውን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፤ ሲበሰብስም ለዓሣ የሚያስፈልገውን አየር ይጨርሳል። በርብ ላይም ለመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ መስኖው ለገበሬ ጥቅም ቢሆንም፥ ለዓሣው ግን መንገድ መዝጋቱ አይቀርም።

ሕግ የለም ለማለት አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዘገበ። ነገር ግን እኛ በመዝገብ ሥራ የኖርን ሰዎች እንደምናውቀው፥ አዋጅ የሚጸናው ሰው ሁሉ ሲጠብቀው ነው። ልጆቹ የሚበሉት የሌላቸውን አጥማጅ፥ «በነሐሴ መረብህን ሰብስብ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ በዚያ ወር ምን ይብላ የሚለውን መመለስ ግን ከአዛዡ ይጠበቃል። ለክረምቱ ሌላ ሥራ ቢዘጋጅለት፥ የወንዙም አፍ በራሱ በአጥማጁ ማኅበር ቢጠበቅ፥ ሕጉ ከወረቀት ወደ ውኃ ይወርዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፥ ገበሬው ተዳፋቱን ቢያለማ፥ አጥማጁ ወራቱን ቢያከብር፥ ዳኛውም መርዝ የሚበትነውን ቢቀጣ፥ ባሕሩ ራሱ ያጐደለውን ሊሞላ ይችላል።

ለቤት እመቤቶችና ለአባወራዎችም ድርሻ አላቸው። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ፍልሰታም የሚውለው ነጭ ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣበት በነሐሴ ነው። በዚህ ጊዜ ሆዷ በዕንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ በገበያ ሲቀርብ ርካሽ ቢሆንም አለመግዛት፥ ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ የሚያመጣውንም «ይህ ገና ልጅ ነው» ብሎ መመለስ ይገባል። ገዢ ያጣ መረብ አይዘረጋም። ልጆችም በማዕድ ዙሪያ ይህን ምክንያት ቢሰሙ፥ ነገ አጥማጅ ወይም ሹም በሆኑ ጊዜ ያስታውሱታል። ዘር የተረፈለት ባሕር ለልጅ ልጅም ይተርፋልና።