ላዮችና ታቾች በኡም ራኩባ

የሰፈራችን ልጆች በቅርቡ የእግር ኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ ከኳሱ አስቀድመው ያዘጋጁት ማኅተም ነበር። በማኅተሙ ዙሪያ የቡድኑ ስምና የተመሠረተበት ዓመት ተቀርጾበታል። እኛ ሽማግሌዎቹ ነገሩን አይተን ብንስቅም ሳቃችን ብዙ አልቆየም፤ ከአርባ ዓመት በፊት በሰው አገር፣ በሣር ዳስ ጥላ ሥር የቀረበልንን አንድ ጥያቄ አስታወሰንና። «ቡድናችሁ የተመሠረተው መቼ ነው?» የሚል ነበር ጥያቄው። ውድ አንባቢያን፣ ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ገጽ የምናቀርበውም መልስ ከተባለ የዘገየ መልስ ነው።

«እኛ» ስንል በወገራ ደጋ ከአንድ መንደር የወጣን አራት ሰዎች ማለታችን ነው። ከአራታችን ሁለቱ ኋላ የወታደር ልብስ ለብሰው፣ አገልግሎታቸውን ፈጽመው ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ ገበሬ ሆኗል። ያኔ ግን አራታችንም ከአሥራ አምስት ዓመት ያልዘለልን እረኞች ነበርን።

ገና የበዓሉም፣ የጨዋታውም፣ የዱላውም ስም ነው። ዱላው ጫፉ የጎበጠ፣ ሩሩ ከእንጨት የተጠረበ ወይም ከጠፍር የተጎነጎነ ሲሆን፣ ሁለት ወገን ሜዳ መካከል ይገናኝና አንዱ የሌላውን ድንበር አሳልፎ ለመምታት ይታገላል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል፤ የጨዋታውም መነሻ እርሱ ነው እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ወርዷል። በዕለቱ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። ባለርስቱም ባለሥልጣኑም ከዚያ ስድብ አያመልጥም፤ በዚያች ቀን መቆጣትም ነውር ነው።

በመንደራችን ወገኖቹ ሁለት ነበሩ፤ ላዮችና ታቾች። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የተወለደ ላይ ነው፤ በታች የተወለደ ታች። ማንም ወገኑን አይመርጥም። አንዲት የላይ ልጅ ታች አግብታ ብትወርድ ልጆቿ በገና ዕለት ከአጎቶቻቸው ጋር ይጋጠማሉ፤ እርሷም በየትኛው ወገን እልል እንደምትል ሲጨንቃት ትውላለች። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ማረሻችንን የሚቀጠቅጡ፣ እንስራችንንና ምጣዳችንን የሚሠሩ እነርሱ ነበሩ። እነርሱ ግን ላይም ታችም አልነበሩም። በገበያ እንገናኛለን፤ ከዚያ አልፎ ግን እነርሱ በሥርዓታቸው «አትንኩን» ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ልንጽፈው የሚያሳፍረንን ስም ሰጥተናቸው ልጆቻችንን ከዓይናቸው እንሸሽግ ነበር። የባለ እጅ ልጅ በገና ሜዳ ዳር ቆሞ ሲያይ ብዙ ጊዜ አይተናል። ግባ ያለው ግን አልነበረም።

በ1976 ዓ.ም. ጦርነቱና ድርቁ ተደራርበው መንደሩ ተነቀለ። ሌሊት እየተጓዝን፣ ቀን በጫካ እየተሸሸግን በአርማጭሆ ቆላ ወርደን ሱዳን ገባን። ኡም ራኩባ በገዳሪፍ ግዛት ከጠረፉ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይገኛል። ራኩባ በሱዳኖች ቋንቋ በእንጨትና በሣር የሚሠራ ዳስ ነው፤ ስሙም የዳስ እናት እንደ ማለት ነው። ስሙ ለቦታው በልክ የተሰፋ ነበር፤ እስከ አድማስ ድረስ ዳስ ብቻ ነበርና። በዚያ ክረምት ወባው፣ ተቅማጡና ኩፍኙ ሕፃናቱን አረገፋቸው። ከአራታችን ሦስቱ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት እዚያ ቀብረናል። መንደሮች በመጠለያው ውስጥ እንደ ጥራጥሬ ተደባልቀው ስለነበረ ላይና ታች የሚባል ነገር ቀረ። ከእኛ ዳስ ቀጥሎ ያለው ዳስ የዚያው ከወንዝ ማዶ የነበረው የቤተ እስራኤል አንጥረኛ ዳስ ሆነ። እርሱም በዚያው ክረምት ሁለት ሴቶች ልጆቹን ቀበረ፤ የቀረው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ የእኛ እኩያ።

ኅዳር ሲገባ የላዮች የቡድን አባት የነበሩት ሽማግሌ ሰበሰቡን። «ገና ደረሰ» አሉ። እናቶቻችን ተቆጡ። «አባባ፣ በዚህ ሁሉ ሬሳ ላይ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አሉ። ሽማግሌው ግን አያታቸው የነገሯቸውን አንሥተው መለሱ። በክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1880 ዓ.ም. በኋላ ከብቱ ሁሉ ባለቀበትና ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ዘመን፣ በመንደሩ ገና ለብዙ ዓመታት ሳይመታ ቀረ። ዘመኑ ተመልሶ ልጆች ዱላ ሲያነሡ የላይና የታች ድንበር የት እንደነበር የሚያውቅ ጠፋ፤ በዚሁም ጠብ ተነሥቶ ሰው ተፈነከተ። «ሬሳውንማ ቀብረናል» አሉ ሽማግሌው፤ «ድንበሩንም አብረን እንቅበረው?» እናቶቻችን አልመለሱም። ሆኖም ማግሥቱን ከመካከላቸው አንዷ የእርዳታ እህል የመጣበትን ጆንያ ስትተረትር አየናት። ለሩር የሚሆን ክር ነበር።

ክሩን እናታችን አጠነጠነችው። ክር ብቻውን አይበረክትምና ቆዳ አስፈለገ፤ ቆዳውን ያገኘችና የሰፋችበት የአንጥረኛው ሚስት ነበረች። ሁለቱ ሴቶች በአገራቸው አንዷ የሌላዋን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። አሁን በአንድ ራኩባ ጥላ ተቀምጠው፣ አንዷ እየያዘች አንዷ እየወጋች፣ ብዙ ሳይነጋገሩ ሠሩት። ስለ ሞቱት ልጆቻቸው ይሆን ያላነሡት፣ ወይስ ያነሡት እርሱን ብቻ ነበር፣ እኛ ልጆች ነበርንና አልጠየቅንም።

ዱላው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በአገራችን ወይራ ሞልቷል፤ በዚያ ግን ያለው ግራር ነው፤ ግራር ሲያጎብጡት ይሰነጠቃል። አንጥረኛው ትግላችንን ሁለት ቀን በዝምታ ሲያይ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን «አምጡት» አለን። እርጥቡን እንጨት በትኩስ አመድ ቀበረው፤ አውጥቶ በጥቂቱ ቆልመም አደረገው፤ መልሶ ቀበረው። ሥራው ትዕግሥት ነበር እንጂ ጉልበት አልነበረም። ከእኛ አንዱ ደፍሮ «አያ፣ በዓሉ እኮ የናንተ አይደለም» ቢለው፣ ከአመዱ ቀና ሳይል «በዓሉ የናንተ ነው፤ እሳቱ ግን የእኔ ነው» ብሎ መለሰ።

ልጁም ገባ። ማን ግባ እንዳለው አናስታውስም፤ ምናልባት ማንም አላለውም። ግራኝ ነበር። ሁላችንም ከቀኝ ስንጠብቀው እርሱ ከግራ ይመጣል። ሜዳው ዋልካ መሬት ስለሆነ በበጋ እንደ አፍ ይሰነጠቃል፤ ሩር ስንጥቁ ውስጥ ትገባና ጨዋታው ይቆማል። እርሱ ግን ስንጥቆቹን ሁሉ አጥንቷቸው በመካከላቸው እያሹለከ ይነዳት ነበር። ቅዳሜ ብቻ አይጫወትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛም አሰልቺ ጨዋታ ነበር የምንጫወተው።

ጥያቄው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በመጠለያው የምታገለግል አንዲት እንግሊዛዊት ነርስ ልምምዳችንን ቆማ አየችና አስተርጓሚ ይዛ ቀረበች። በአገሯ መንደር አባቷ የክሪኬት ቡድን አባል መሆኑን ነገረችን። እኛ ክሪኬት ሰምተን አናውቅም ነበርና ዱላው ከአኻያ እንጨት የሚጠረብ ጠፍጣፋ እንደሆነ፣ ኳሱ ውስጡ ቡሽ ላዩ ቆዳ እንደሆነ፣ ተጫዋቹ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው እንደሚጠብቅ አስረዳችን። የጨዋታውን ሕግ የሚጠብቀው የለንደን ክለብ በ1787 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መመሥረቱን፣ የአባቷም መንደር ቡድን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማን ስንት እንዳገባ የተጻፈበት መዝገብ እንዳለው አከለችበት። ቀጥላም ወረቀትና እርሳስ አውጥታ ያን ጥያቄ ጠየቀች።

እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ሽማግሌው ግን አላመነቱም። «ላዮችን የመሠረታቸው ዳገቱ ነው» አሉ። አስተርጓሚው ሲስቅ እርሷ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የቡድን አባቶቹን ከራሳቸው ጀምረው ወደ ኋላ ቆጠሩ። ዘመኑን የሚለዩት በዓመተ ምሕረት አይደለም፤ ጣሊያን በገባበት ጊዜ እገሌ፣ በክፉ ቀን እገሌ፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት ዓመት እገሌ እያሉ ነበር። እኛም ያን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያን ዕለት ነው። ነርሷ መጻፏን አቁማ «በመልካም ዓመት የተሾመ የለም?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው አሰብ አድርገው፣ መልካም ዓመት ማስታወሻ እንደማያስፈልገው ነገሯት።

ከዚያ በኋላ በመጠለያው አንድ እንግዳ ነገር ተጀመረ። ከቤተ እስራኤል ዳሶች አንዳንዶቹ ሲነጋ ባዶ ሆነው መገኘት ጀመሩ። ምን እንደሆነ ኋላ ነው የተማርነው። የሙሴ ዘመቻ የተባለው ከኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን ድረስ ተካሄደ። ሰዎቹ በሌሊት በአውቶቡስ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም ይወሰዱና በአንድ የቤልጅግ ኩባንያ አውሮፕላን በብራስልስ በኩል እስራኤል ይገቡ ነበር። 8000 ያህል ሰው እንደ ወጣ ይነገራል። ዜናው በጋዜጣ ሲወጣ ሱዳን አስቆመችው። ወደ እስራኤል በሚወስደው መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ደግሞ 4000 ገደማ ናቸው ይባላል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ቆሟል። የአንጥረኛው ሁለት ሴቶች ልጆችም ከእነርሱ ውስጥ ናቸው።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከእኛ ቀጥሎ ያለውም ዳስ ባዶ ሆነ። አልተሰናበቱንም፤ ሊሰናበቱን እንደማይችሉ ዛሬ ይገባናል፤ ያኔ ግን ተቀየምን። በዳሱ ውስጥ የተገኘው የቀዘቀዘ አመድ፣ ተጠርቦ ያለቀ የሰባት ዱላ እስርና ሩር ነበር። እኛ ያዘዝነው ስድስት ዱላ ነበር።

ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ተመታ። ሰዉ ከየመንደሩ የተውጣጣ ስለሆነ ሽማግሌው ድንበሩን በመጠለያው መካከል በሚያልፈው የውሃ መንገድ ለዩትና ከዚያ በላይ ያለውን ላይ፣ ከዚያ በታች ያለውን ታች ብለው ሰየሙት። ወልቃይቴው፣ ትግሬው፣ ወገሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወይ ላይ ወይ ታች ሆነ። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው አላማረም። እግራችን ደካማ ነበር፤ ሩርም ሁለት ጊዜ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ በእንጨት ቆፍረን አወጣናት። ላዮች ተሸነፉ። የታቾች ግጥም አውራጅ ሽማግሌውን ሲሰድባቸው ግን ሴቶቹ ሳቁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ እናታችን ስትስቅ ያየነው ያን ዕለት ነው። ሽማግሌው በሚከተለው ዓመት እዚያው አረፉ፤ ስማቸው በእርሳቸው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ገባ።

አገራችን ከተመለስን በኋላ ላይና ታች እንደገና ተለየ፤ የመንደሩ ድንበር አልጠፋም ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ግን በ1983 ዓ.ም. ግንቦት በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ፣ ጨርሶ ባዶ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ኡም ራኩባ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፍቶ፣ በዜና ምስል ያንኑ የዳስ ረድፍ ባየን ጊዜ ከአራታችን አንዱ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ትንሽ ቆይቶ ራሱ መልሶ ከፈተው፤ ልጆቹን መቁጠርም ጀመረ።

በመንደራችን ገና ዛሬም ይመታል። ዱላውን ልጆቹ ራሳቸው በአመድ ቀብረው ያጎብጡታል፤ ስለሚቸኩሉ ብዙው ይሰነጠቃል። ሰባተኛው ዱላ ግን በገበሬው ወንድማችን ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። በዚያች ገና ማንም አልተጫወተበትም፤ ከአራታችን ለማንኛችንም ቁመቱ አልሆነም ነበር። እጀታው ከላብ የተነሣ ጠቁሯል፤ የቆልማማው ጫፍም የተበላው እኛ በማንመታበት በግራ በኩል ነው።