ስም ያልወጣለት በሽታ

አንባቢዬ ሆይ፣ በሽታ ስም ካለው ጠላትም ቢሆን የታወቀ ጠላት ነው፤ ስም ያልወጣለት እንደ ሆነ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ስም ያወጣለታል። ቀኝ እጄ ሦስት ሳምንት ደንዝዞ ጠመኔ አልይዝ ባለኝ ጊዜ፣ እዚህ መሐል ሜዳ አንዱ ምች ነው፣ ሌላው ቡዳ ነው፣ ሦስተኛውም የኮሶ ትል ወደ ራስህ ወጥቶ ነው አለኝ። አዲስ አበባ ሄጄ በኤም አር አይ ስታይ በአንጎሌ ውስጥ አንዲት ነጥብ ተገኘች።

ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል አንጎል ውስጥ አይሰፍርም፤ ይህን የሚያደርገው የአሳማው ትል ነው። ነገር ግን ነጥቧ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የሚፈጥረው እብጠት፣ ወይም ዕጢ፣ ወይም ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1868 እ.ኤ.አ. የገለጸው መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለ የነርቭ በሽታ ልትሆን ትችላለች። ይህን የመጨረሻውን ለመለየት ሐኪሞች ጉዳቱ በልዩ ልዩ ቦታና በልዩ ልዩ ጊዜ መድረሱን ይመረምራሉ፤ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ምስክር አትሆንም። ስለዚህ ሐኪሜ «ለጊዜው አላውቅም፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እንየው» አሉኝ።

ይህ መልስ የዕውቀት ማነስ አይምሰልህ። ባልተረጋገጠ ስም መድኃኒት ከመዋጥ መጠበቅ ይሻላል። መጠበቅ ማለትም እጅን አጣምሮ መቀመጥ አይደለም፤ አዲስ ምልክት ቢታየኝ ቀኑን ጽፌ ሳልዘገይ ወደ ሐኪሜ እመለሳለሁ።

የመንዝ ገበሬ የበልጉ ዝናብ መዝነሙን፣ ውርጩም መማሩን ሳያውቅ ገብሱን ይዘራል። እኔም እጄ ስለ ተመለሰልኝ ጠመኔዬን ይዣለሁ። ለእጮኛዬም የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጭምር ነግሬያታለሁ፤ ሠርጋችንን ከጥር አላዛወርነውም።