ኮባን እንደገና ሳየው

ቅዳሜ ማታ ሰፈራችን መብራት አልነበረም። የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ስለነበር ድሮ የሞላሁትን ሃርድ ዲስክ ስጎረጉር «ዶውን ኦፍ ዘ ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» እጄ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሰሞን አምስት ሆነን አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቀን ያየነው ፊልም ነው። ያን ቀን ፍርዳችን አንድ ነበር፤ ሲዛር ጀግና፣ ኮባ ከሃዲ። ኮባ ሲወድቅ ያጨበጨበ ሁሉ ነበር። ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

(ያላያችሁት እዚህ ጋ ብታቆሙ ይሻላል፤ መጨረሻውን ሳይቀር ላወራ ነው። «ዝንጀሮ» ስልም ታገሡኝ፤ ቺምፓንዚውን፣ ጎሪላውንና ኦራንጉታኑን አንድ ላይ የምጠራበት ሌላ ቃል አጥቼ ነው።)

ለማስታወስ ያህል፣ ቻርልተን ሄስተን የተወነበትን የ1968ቱን ፊልም ወደ ጎን ትተው በ2011 ታሪኩን ከሥሩ ጀመሩት። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለአልዛይመር በሽታ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ዝንጀሮዎቹን ብልህ አደረገ፣ ሰውን ግን ፈጀ። ማት ሪቭስ ያዘጋጀው ሁለተኛው ክፍል ከአሥር ዓመት በኋላ ይጀምራል። ዝንጀሮዎቹ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ ጫካ ውስጥ መንደር ቆርቁረዋል። ከበሽታው የተረፉት ሰዎች ፍርስራሽ ከተማ ውስጥ ተሰብስበዋል፣ ነዳጃቸው ሊያልቅ ነው። መብራት የሚሰጣቸው ግድብ ያለው ደግሞ በዝንጀሮዎቹ መሬት ላይ ነው።

ግድቡ ሠርቶ መብራት የሚመጣበትን ትዕይንት ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ነዳጅ ማደያው ቦግ ይላል፣ ሙዚቃ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ያው የእኛው «መጣ!» ነው። ጋሪ ኦልድማን የሚጫወተው የሰዎቹ መሪ ድራይፈስ ታብሌቱን ከፍቶ ያጣቸውን ልጆቹን ፎቶ እያየ ያለቅሳል። የመጀመሪያ ጊዜ ስልኬን ስነካካ ያመለጠኝ መሰለኝ፤ ጭራሽ አላስታወስኩትም።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ኮባ ነው።

የዝንጀሮዎቹ መሪ ሲዛር ያደገው ቤት ውስጥ ነው። መኝታ ነበረው፣ ውጭ የሚያይበት መስኮት ነበረው፣ እንደ ልጁ ያሳደገው ሰው ነበረው። ሰው ደግ ሊሆን እንደሚችል የሚያምነው ስለቀመሰው ነው። ኮባ ያደገው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ገላው ጠባሳ በጠባሳ ነው። ሲዛር ሰዎቹ ግድቡ ላይ ሥራቸውን ይሥሩ ሲል ኮባ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ እየጠቆመ የሰው ሥራ ማለት ይህ ነው ይለዋል። በ2014 ዛቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ማስረጃውን ይዞ የቀረበ ከሳሽ ነው። ሲዛር ውሳኔውን አልለወጠም።

ያን ጊዜ ክፍሉን በሳቅ ያናወጠን ኮባ ከመሣሪያ ማከማቻው ጠባቂዎች ጋር የሚገናኝበት ነበር። ጠመንጃ ሲደገንበት ድንገት ከንፈሩን ይገለብጣል፣ ይንከባለላል፣ የሰርከስ ዝንጀሮ ይሆናል። ሰዎቹ ንቀውት ያባርሩታል። ሁለተኛ ሲመጣ መጠጣቸውን ያቀምሱታል። በጠመንጃቸው ሲጫወት ቆይቶ ሁለቱንም ይገድላቸዋል። እኛ ያደነቅነው ተንኮሉን ነው። አሁን ግን ከግድያው ይልቅ ጨዋታው ዘገነነኝ። ሰው ፊት በሕይወት ለመቆየት ምን መምሰል እንዳለበት፣ የትኛው ዝንጀሮ እንደሚያስቃቸው ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ በአንድ ቀን የሚለመድ አይደለም። ሁሉም የአንዲ ሰርኪስን ሲዛር ያወድሳል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ለዚህች ትዕይንት ስል ኮባን ለተጫወተው ለቶቢ ኬቤል አደላለሁ። ፊቱን ቦኖቦ ያደረጉት የዌታ የምስል ባለሙያዎች ናቸው፤ በሚያስቅ ፊት ላይ ያለችው የማትስቅ ዓይን ግን የእሱ ናት።

እዚህ ላይ አቁሜ የ2011ዱን ፊልም ከፈትኩ፣ የድልድዩን ጦርነት። የመድኃኒት ኩባንያው አለቃ ጄኮብስ በተከሰከሰ ሄሊኮፕተር ውስጥ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲዛርን አውጣኝ ይላል። ሲዛር ፊቱን ያዞራል። ኮባ ይመጣና ገፍቶ ይጥለዋል። የሲዛር እጅ ንጹሕ ነው፣ ሥራው ግን ተሠርቷል። ይህን እንዴት ረሳሁት? በሁለተኛው ፊልም መጀመሪያም ድብ ሲመጣባቸው በድቡ ላይ ዘሎ ሲዛርን ያተረፈው ኮባ ነው። ቆሻሻውንም አደጋውንም ሲሸከም የኖረ ሰው (ሰው አልኩት፣ ይሁን) አንድ ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ ቢናገር ምን ይገርማል?

ሲናገር ደግሞ ምን ሆነ? ሰዎቹ መሣሪያ ሲሞክሩ አይቶ ግድቡ ድረስ ይመጣል። ጉዳዩ በወጉ ሳይወራ ነገር ይከርራል፤ ከልጆችህ ይልቅ ሰው ትወዳለህ ይለዋል፣ ሲዛር ሊገድለው እስኪደርስ ይደበድበዋል። ከዚያ ኮባ መዳፉን ይዘረጋል፣ ሲዛር ይዳብሰዋል፣ ይቅርታ ተባለ። ያኔ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብዬ ኮባን ተርቼዋለሁ። አሁን ጥያቄዬ ለሲዛር ነው። የእኛ ሽማግሌዎች እንኳ ካሳ ከመቁረጣቸው በፊት ሁለቱም ወገን የሆዱን እንዲያወጣ ያደርጋሉ። እዚህ የተደበደበው ይቅርታ ጠያቂ፣ የደበደበው ይቅር ባይ ሆነ። ሆድህ ውስጥ ምን አለ ያለው የለም።

ኮባን ነጻ ላወጣው አይደለም። ሲዛርን ተኩሶ ጥሎ ጥፋቱን በሰዎቹ ላይ ያላከከ ነው። ያልታጠቀ ሰው አልገድልም ያለውን ወጣቱን አሽን ከፎቅ ወርውሮታል። እዚያ ላይ ጠባሳው ጠበቃ ሊሆነው አይችልም።

(ሴቶቹን በተመለከተ ግምገማዬ አልተለወጠም። የሲዛር ሚስት ኮርኔሊያ ትታመማለች፣ ከሰዎቹ ወገን ያለችው ኤሊ ታክማታለች። አለቀ።)

መጨረሻው ላይ ኮባ ሕንፃው አናት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሲዛር እጁን ይዞታል። ዝንጀሮ ዝንጀሮን አይገድልም የሚለውን ሕግ ኮባ ራሱ ያስታውሰዋል። ሲዛር አንተ ዝንጀሮ አይደለህም ብሎ ይለቀዋል። ያጨበጨብኩት እዚህ ነበር። ሕጉ እንዳይጣስ ኮባን ከሕጉ አስወጣው፤ መጀመሪያ ስሙን ነሣው፣ ቀጥሎ እጁን ለቀቀ። ከፊልሙ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ብልሃት ነው፤ ያደረገው ደግሞ የምንወደው ነው።

ባትሪው 6 በመቶ ሲል ወደኋላ መለስኩና ያቺን ትዕይንት ብቻ ደገምኳት። የተለቀቀው እጅ ግድቡ ላይ ለይቅርታ የተዘረጋው ያው እጅ ይሁን አይሁን፣ ቀኙ ይሁን ግራው ለማየት ምስሉን ሳቆመው ላፕቶፑ ጠፋ።