«ተመገናኛ» እስከ አያት

አንድ ነገር ከቅዳሜ ጀምሮ ሆዴ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል።

ቅዳሜ ለት እናቴን ይዤ ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወንድሜ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ የሰባት ዓመት ልጁን ልናይ ነው ጉዟችን። ጉርድ ሾላን አልፈን ወደ ሲኤምሲ ስንጠጋ ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ እናቴ ዘንድ ደረሰ።

«ማዘር፣ ከየት ነው የተሳፈሩት?»

«ተመገናኛ» አለችው።

በቃ! ከኋላ ወንበር ሁለት ኮረዶች ክትክት ብለው ሳቁ። ረዳቱ ደግሞ ነገር አገኘ፤ «ተመገናኛ! ተመገናኛ እስከ አያት!» እያለ በመስኮት ይጣራ ጀመር። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር በክፋት አልነበረም። እናቴ ግን ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እስክንወርድ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «ወራጅ አለ» ያልኩትም እኔ ነኝ።

ረዳቱን ልቆጣው ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለምን ብትሉ… ይህቺን ሳቅ እናቴ ላይ መጀመሪያ ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኛ!

አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ገርጂ አካባቢ። አስተማሪው የቤት ሥራ ደብተሬን ሲጠይቀኝ «ተቤት ረስቼው ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪውም ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ ስሜ ቀረና «ተ» ተባልኩ። ማታ ቤት ገብቼ እናቴን ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ከእንግዲህ ትምህርት ቤት ስትመጪ አታውሪ!» «እሺ» አለች፤ ሌላ ምንም አላለች። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ጥግ ይዛ ትቀመጥና እጇን አጣጥፋ አዳምጣ ትመለስ ነበር። እኔም ጎበዝ ሆኜ «ከ» ማለት ለመድኩ። አስራ ሁለተኛን ስጨርስ የቦሌ ልጅ ነኝ ባይ ሆኜ ነበር።

እናቴ የወረኢሉ ሰው ናት፤ ወሎ። «ከ»ን «ተ» ማለት እዚያ ስህተት አይደለም፤ አማርኛው ነው። እንዲያውም የቋንቋ አዋቂዎች አማርኛን የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ ብለው ይከፍሉታል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሁለት ምሁራን ስለ ወሎ አማርኛ ብቻ ጽፈው በጥናት መጽሔት አሳትመዋል። እኛ ክፍል ውስጥ የሳቅንበትን ነገር ሰዎቹ ቁጭ ብለው አጥንተውታል ማለት ነው! ደግሞ እናቴ «ነበርሁ፣ ሄድሁ» ነው የምትለው፤ እኔ «ነበርኩ፣ ሄድኩ» እላለሁ። የድሮ መጻሕፍት ስገልጥ ያገኘሁት ግን የእሷን «ነበርሁ» ነው። ለካስ እናቴ እንደ መጽሐፍ ኖሯል የምታወራው።

የኛን ሰፈር ጆሮ ለሰጠው መቼም ጉድ ነው። ቦሌ ሚካኤል ብትሄዱ «ወሪያ!» የሚለውን የሶማሌ ጥሪ ትሰማላችሁ። የድሬዳዋው ልጅ «አቦ!» ይላችኋል። ኮንዶሚኒየም ደግሞ እጣ ነው፤ ማን ከማን ጋር ደረጃ እንደሚጋራ ማንም አይመርጥም። በ1996 ዓ.ም. የሙከራው ኮንዶሚኒየም እዚሁ ገርጂ ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ አገር ስንቱ ብሎክ ላይ ተደራርቧል! ከወንድሜ በላይ ያሉት ወይዘሮ የጎጃም ናቸው፤ «ኸየት ትመጫለሽ?» ነው የሚሉኝ። የሰፈሮቹ ስም ራሱ የወረሰነው ነው። ጉርድ ሾላ የተቆረጠ የሾላ ዛፍ፣ ሲኤምሲ ደግሞ ቤቶቹን የሠራው የጣሊያን ኩባንያ ስም። ገርጂ፣ ቡልቡላ፣ አራብሳ የምንላቸው መሬቱን ያርሱ የነበሩት ኦሮሞዎች ያወጧቸው ስሞች ናቸው። ገበሬው ከነበሬው ተነሣ፣ ስሙ ታክሲ ላይ ቀረ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልንገራችሁ። ወሎ ቡና ሲቀርብ «ጀባ» ይባላል። ዛሬ ይሄ ቃል የአራዳ ቃል ሆኗል፤ በሬዲዮ «ሙዚቃ ጀባ እንበላችሁ» ይሉናል። «አብሽር»ንም እንደዚሁ ከወሎና ከሐረር ሰው አፍ ወስደን የቦሌ ካፌ ውስጥ እንለዋለን። አንዱም አይሳቅበትም! እናቴ ግን «ተመገናኛ» ስትል ታክሲ ሙሉ ሰው ይስቃል። ካንድ አገር የመጡ ቃላት አይደሉም እንዴ? ጌጡን እንወስዳለን፤ ሰውየዋ ስትናገር ግን ገጠሬ ትባላለች።

ወደ አያት ልመልሳችሁ። አራተኛ ፎቅ ወጥተን ቡና ተቆላ። የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት አዲስ የእርሳስ መያዣ ተሰርቆበት አኩርፎ ተቀምጧል። እናቴ አየችውና ታክሲው ውስጥ የዘጋችውን አፍ ከፈተች።

«ተሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል!»

ልጁ ቀና አለ። «ሞፈር ምንድነው እቴቴ?»

ወንድሜ እኔን አየኝ፣ እኔ ወንድሜን። አትታዘቡኝና ተረቱን ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሞፈሩን ግን የእርሻ ነገር ከማለት በቀር በቅጡ አናውቀውም። እናቴ ተነሥታ የወለል መወልወያውን እንጨት አመጣች። «ይኸ ረጅሙ ሞፈር ነው። ጫፉ ተቀንበሩ ጋር በምራን ይታሰራል። ምራን ጠፍር ነው፣ ተቆዳ የሚሠራ። ቀንበሩ ተበሬዎቹ ጫንቃ ላይ ይውላል።» የመጋረጃ ዘንግ ወንድሜና ልጁ ትከሻ ላይ አስቀመጠች፤ በሬ ሆኑላት። «ተታች ማረሻው ብረቱ ነው፤ ግራና ቀኝ ድግር አለው፤ ገበሬው እርፉን ይዞ ይነዳል።» ሳሎኑን ሁለት ጊዜ አረሰችው! ወንድሜ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ከራባቱን ሳያወልቅ ታረሰ። ብሎኩ የቆመበት መሬት ራሱ ትናንት እርሻ የነበረ መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ።

ልጁ ሲያለከልክ ቆይቶ፣ «እና እርሳስ መያዣዬን የወሰደው ልጅ ሞፈር ቆረጠብኝ?» አለ። «አዎና! ደጅህን ጠብቅ» አለችው።

እኔ ይህን ጊዜ ደብተር አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። እናቴ ስታየኝ ወዲያው ዝም አለች። እናንተም ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ይቺን ከኔ ተማሩ፤ እናት ፊት ብዕር አትያዙ፣ የፍርድ ቤት ቃል ሰጪ ይመስላቸዋል። ቡናው ሲቆላ፣ ጎመን ሲቀነጠስ ጠይቁ፤ ማታ ቤታችሁ ጻፉት። ከሁሉ የሚሻለው ልጆች እንዲጠይቁ ማድረግ ነው። ልጅ ሲጠይቅ አያት አይደክማትም። ደግሞ «እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አታርሟቸው፣ በተለይ ሰው ፊት።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ወንድሜና ልጁ በረንዳ ወጡ። እኔና እሷ ቀረን።

«እማዬ፣ ያኔ አራተኛ ክፍል ሆኜ ትምህርት ቤት አታውሪ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል?»

ጀበናውን ይዛ ትንሽ ቆየች። ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

«የቱን?» አለችኝ።

ትዝ ይላታል። ሲኒውን አብሳ ሰጠችኝ። ይቅርታ ልበላት ስል፣ «ታፍ ተወጣ አፋፍ፤ ቡናሽ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። እኔም ጠጣሁ። ምን ልበል?

ልንወጣ ስንል ልጁ ደረጃው ላይ ተከትሎን፣ «እቴቴ፣ ደግሞ ተቅዳሜ ነይ!» አለ። እናቴ በሳቅ ሞተች። «ለቅዳሜ ነው ሚባለው የኔ ጌታ፣ እዚህ ጋ ተ አይገባም!» እስከ ምድር ቤት ድረስ እየሳቀች ወረደች።

ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ረዳቱ ሌላ ነው፤ ልጅ እግር። እጁን ዘርግቶ «ሂሳብ… ከየት ነው ማዘር?» አለ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ቦርሳዋን ነካካች፤ አልመለሰችም።

«ሁለት ሰው፣ ታያት» አልኩት።

«ከየት?»

«ታያት!» ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ከፊት ያለው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ ብሩን ተቀበለና መልሴን ሳይሰጠኝ ወደ ኋላ አለፈ።